አንሱኝ ያልኩ ቀን

ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው። ወንበር አጥቼ እንዳይመስላችሁ። የሱቄ ባንኮ ደረቴ ድረስ ይመጣል፤ ወረቀቱን እሱ ላይ ዘርግቼ፣ ሁለት እግሬን መሬት ላይ ተክዬ መጻፍ ደስ ይለኛል። ደንበኞቼ «እንድሪስ፣ አርጅተሃል፣ ቁጭ በል እንጂ» ይሉኛል። እነሱ ምን ያውቃሉ! እኔ መቆም የሚባለው ነገር ከእጄ ወጥቶ ሲመለስ ያየሁ ሰው ነኝ። እንዴት እንደወጣና እንዴት እንደተመለሰ ልንገራችሁ። ይረዝማል፤ መጨረሻው ደህና ስለሆነ ግን ሳትሳቀቁ አንብቡት።

ጊዜው ጣሊያን ደሴን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ነው። ያኔ ከባቲ ገበያ ጨው ጭኜ፣ ኮምቦልቻን አቋርጬ፣ ደሴ ላይ የማራግፍ ሲራራ ነጋዴ ነበርኩ። ቁርአን ቤት የቆየሁት ዱላው እስኪያንገፈግፈኝ ድረስ ነው። የአማርኛውን ፊደል ከደብተራ ጎረቤቴ በጨው ለወጥኩት። የቀረውን ገበያ አስተማረኝ። ገበያ ስትሳሳት አይገርፍም፤ ያደኸያል እንጂ።

በዚያን ሰሞን ሲራራው ክፉኛ ተናግቶ ነበር። ጣሊያን ዳገቱን በድማሚት እየናደ መንገድ ያሰፋል፤ ባሰፋው መንገድ ደግሞ ካሚዮን ይነዳበታል። እኛ ቀናት የምንለፋበትን ካሚዮኑ ማለዳ ተነስቶ ምሳውን ደሴ ይበላል። ብዙዎቹ ጓደኞቼ በቅሏቸውን ሸጠው የቀን ሠራተኛ ሆኑ። እኔ ግን ገመዴን አልለቅም አልኩ። በቅሎ ቤንዚን አትጠጣም፣ ለፈረንጅም እጅ አትነሳም።

የሲራራዬ አለቃ አያ ይመር ይባላል። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል፤ ከሰው ጋር ጥቂት፣ ከበቅሎ ጋር ብዙ የሚያወራ ቀጭን ሰው ነው። ከእሱ የተማርኩት አንድ የሲራራ ሰው ሕግ አለ፦ የወደቀ አጋሰስ ተኝቶ አይቆይም። ወዲያው ጭነቱን ትፈታለህ፣ አንዱ ጅራቱን፣ አንዱ ጆሮውን ይይዛል፣ ባንድ ድምፅ ጮኻችሁ ታስነሱታላችሁ። ትንሽ ይተንፍስ ብለህ ካዘንክለት ልቡም አብሮ ይተኛል፤ ከዚያ ወዲያ የጅብ ነው። ይህን ሕግ ከመንገድ ዳር ሆኜ ስንት ጊዜ ሲሠራ አይቻለሁ። ሊገድለኝ የነበረውም እሱው ነው።

ከኮምቦልቻ ወጥተን የደሴን ዳገት ጀምረናል፤ ፀሐይዋ ሞቅ ብላለች። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ከበላያችን አንድ ካሚዮን ክላክሱን እየነፋ ቁልቁል መጣ። የፊተኛዋ በቅሎዬ ዳልቻ ደነገጠችና ወደ እኔ ዞረች። እኔ በገደሉ በኩል ነበርኩ። የጨው ጭነቷ ደረቴን ገጨኝ፤ ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሰማይ ነው።

ገደል ብዬ እንዳላጋንነው፣ ጥልቀቱ የአንድ ጎጆ ቁመት ቢሆን ነው። ችግሩ ያረፍኩበት ላይ ነው። የመንገድ ሠራተኞቹ የፈለጡትን ድንጋይ የከመሩበት ቦታ ላይ በጀርባዬ ወደቅሁ። አንድ ነገር «ቀጭ» ሲል ሰማሁ። ድንጋይ የተሰበረ መስሎኝ ነበር።

ይመር ቁልቁለቱን እየተንሸራተተ መጣ።

«እንድሪስ! አለህ?»

«አለሁ። በቅሎዋስ?»

«በቅሎዋ ካንተ ትሻላለች።»

ሳቅሁ። ስስቅ ጀርባዬ እንደ እሳት ነደደ። ልነሳ ብዬ እግሬን ልሰበስብ ስል ግን እግር የሚባል ነገር አጣሁ። አያለሁ፣ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተዘርግተዋል፣ ጫማዬንም አድርገዋል፤ ግን የእኔ አይደሉም። ከእምብርቴ በታች ሌላ ሰው ተኝቶ ነበር። ፍርሃቱ ያኔ ገባኝ። የፈራ ሰው ደግሞ የለመደውን ነው የሚያደርገው።

«አንሱኝ!» አልኩ። «ይመር፣ ምን ታያለህ? ልቤ ሳይተኛ አንሱኝ!»

ይመር ማንንም አላስጠበቀም። «አንተ በብብቱ ግባ። አንተ ትከሻውን። ወገቡን ለእኔ ተውልኝ። ቢስሚላህ ስል ባንዴ!» አለ። እጁ ወገቤ ሥር ገባ። «ቢስ—»

«ፌርሞ! ፌርሞ!» አቁሙ ማለቱ ነበር።

ከላይ አንድ ፈረንጅ በመቀመጫው እየተንሸራተተ፣ ባርኔጣው ወዲያ፣ መነጽሩ ወዲህ ሆኖ ይወርዳል። ካሚዮኑ በቅሎዎቻችን ዘግተውት ሲቆም፣ ከኋላው ባለች ትንሽ መኪና የነበረ ሰው ነው። ደርሶ መዳፉን ደረቴ ላይ አሳረፈና ይጮኽ ጀመር። ከበስተኋላው ተርጓሚው እያለከለከ ደረሰ። ሀብቴ ይባላል፤ ከመረብ ማዶ የመጣ ልጅ እግር ሰው ነው።

«ሐኪም ነው» አለ ሀብቴ። «ካነሳችሁት እግሩን ለዘላለም ቀበራችሁት ይላል።»

«ካላነሳነውስ?» አለ ይመር። እጁን ከወገቤ ሥር አላወጣም።

ሀብቴ ጠየቀና መለሰ። «አላውቅም ይላል።»

«የማያውቅ ሰው ምን አስጮኸው?»

ከላይ መንገዱ ላይ ጠመንጃ ያነገቱ ወታደሮች ቁልቁል ያዩናል። ይመር ግን ጠመንጃ አይቶ እጁን የሚሰበስብ ሰው አይደለም። እኔም በበኩሌ «የፈረንጅ ወሬ አትስማ፣ አንሳኝ» እላለሁ። ሐኪሙ ክርክር እንደማያዋጣው ሲያይ ከኮሌታው አንዲት መርፌ መዘዘ። አንዱን ጫማዬን አወለቀና ይመርን «እየው» በሚል ዓይን ተመለከተው። እኔ ሰማይ ሰማዩን ስለማይ ምን እንደሠራ አላየሁም። ያየሁት የይመርን ፊት ነው። አመድ መሰለ። እጁ ቀስ ብሎ ከወገቤ ሥር ወጣ።

«ምነው?» አልኩት።

«ምንም» አለኝ። ይመር ሲዋሽ ያን ቀን መጀመሪያዬ ነው ያየሁት።

የመንገድ ሠራተኞቹን ሳንቃ አስመጣቸው። ሐኪሙ አንገቴን ያዘ፣ የቀሩትን በየቦታቸው አቆመ፤ እንደ ምሰሶ ሳልጣመም ባንዴ አንከባልለው ሳንቃው ላይ አጋደሙኝ። በዚያ ሁኔታ ወደ ኮምቦልቻ ተመለስኩ። ጨውም ሳልሸጥ።

የሐኪሙ ሰፈር የመንገድ ሥራው ጦር ሰፈር አጠገብ ነው። ለነጮቹ ቆርቆሮ ቤት፣ ለእኛ ድንኳን። ከጎኔ ወርቁ የሚባል የቦሩ ሰው ተኝቷል፤ የመንገድ ሠራተኛ ሆኖ ናዳ ጀርባውን የመታው። ገና ሳንቃዬን ሲያስቀምጡ አየኝና «እንኳን ደህና መጣህ። እዚህ ቤት ማንም ተነስቶ አይቀበልህም፣ እንዳትቀየም» አለኝ። ወዲያው ወደድኩት።

ሐኪሙን ሁሉም «ዶቶሬ» ነው የሚለው፤ እኔም እንደዚያው ልበለው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መርፌና ብጭቅ ጥጥ ይዞ መጣ። «ስወጋህ ‹መርፌ›፣ ስዳብስህ ‹ጥጥ› በል» አለኝ። ጨዋታው ገባኝ። ብዙ ካወቅሁ ደህና ነኝ፣ ካላወቅሁ አለቀልኝ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ገዢ ዋጋ ሳይጠራ ከትከሻው የማነብ ነጋዴ ነኝ። የዶቶሬው ትከሻ ዝቅ ሲል «መርፌ!» ከፍ ሲል «ጥጥ!» እያልኩ እግሬን ሁሉ አሳለፍኩት። ሀብቴም ደስ ብሎት ይተረጉማል። ዶቶሬው እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ትከሻውን ዝቅ አደረገ።

«መርፌ!» አልኩ።

ወርቁ ከጎኔ ሳቁን ለቀቀው። ዶቶሬው አልሳቀም፤ ዓይኔን በጨርቅ ሸፈነው። ከዚያ በኋላ ዝም አልኩ። እግሬ ላይ ምን እንዳደረገ እስከ ዛሬ አላውቅም። እንደ ምሰሶ አገላብጠው በጎኔ አስተኙኝ፤ አሁንም ዝም። በመጨረሻ ሰው የማይጠራው ቦታ ላይ፣ መቀመጫዬ መካከል፣ አንድ ነገር ቆነጠጠኝ። ደብዘዝ ያለ ነው፤ ግን አለ።

«መርፌ መሰለኝ» አልኩ፣ በሀፍረት።

ዶቶሬው ቆመ። ደግሞ ነካኝ። «ጥጥ።» ደግሞ። «መርፌ።» ዓይኔን ሲገልጡልኝ ሰውየው ፊቱ በርቷል። እኔ ተናደድኩ። ሙሉ እግሬ ሞቶ፣ መቀመጫዬ ስለተረፈች እንዲህ ደስ የሚለው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ወርቁ ግን አልሳቀም። ዶቶሬው ከወጣ በኋላ «እኔንም እዚያው ጋ ወግቶኝ ነበር» አለኝ። «አላወቅሁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በጣም ያከብረኛል።»

በማግሥቱ ዶቶሬው ይመርን አስጠራው። እንዲህ የተኛ ሰው የሚገድለው ስብራቱ አይደለም፣ ቁስል ነው፤ ገላው መጫኑን ስለማያውቅ ይበሰብሳል፤ ቀንም ሌሊትም በየጊዜው መገላበጥ አለበት እያለ ሊያስረዳው ሲሞክር ሀብቴ ቃላት እያጣ ተንገታገተ። ይመር ጥቂት አዳመጠና «ኮርቻ እንደሚልጠው ጀርባ ማለት ነው» አለ። ወጣ። ሲመለስ በጭድ የተሞላ የበቅሎ ጭነት መደላድል ይዟል፤ በጉልበቴና በተረከዜ ሥር እንዴት እንደሚሻል እየቀያየረ ሞከረው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ያለ ሀብቴ ይግባቡ ነበር። ሽንቴ እንኳ ያለ ቀጭን የጎማ ቱቦ አልወርድ ብሎኝ ነበርና ዶቶሬው ያንን ይሠራል፤ ይመርና ሰዎቹ ደግሞ በተራ ያገላብጡኛል። እግረ መንገዳቸውን ወርቁንም ያገላብጣሉ። ይመር ሲያገላብጠን እንደ በቅሎዎቹ ያወራናል። «ዙር የኔ ጌታ፣ ዙር። አትራገጥ» ይላል። «ብራገጥ ደስታውን አልችለውም» ይለዋል ወርቁ።

ባለቤቴ ሐዋ ወሬው እንደደረሳት ከደሴ መጣች። ብቻዋን አይደለም። ወንድሞቿን፣ የሰፈራችንን ጎበዛዝትና የተዘጋጀ ቃሬዛ ይዛ ነው። ሐዋ ቤት ውስጥ «አንተ» ነው የምትለኝ። «አንቱ» ካለችኝ ወይ ሰው ፊት ነን፣ ወይ ተቆጥታለች። ያን ቀን ሁለቱም ነበር።

«አንቱ ሰውዬ፣ እዚህ ጣሊያን ድንኳን ውስጥ እንደ ዕቃ ተጥለው ሊኖሩ ነው?»

«ሐዋ፣ ደህና ዋልሽ?»

«ደህና ዋልሽ ይሉኛል! ለቢስቲማው ወጌሻ ልከንለታል፤ እየጠበቀዎት ነው። ሰውየው ስንቱን አቁሟል። በእግሩ ወገብዎን ረግጦ፣ በብብትዎ ስቦ፣ ቦታው ይመልሰዋል። እነዚህ ምን ሠሩልዎት? መርፌ ከመውጋት በቀር?»

ወጌሻውን አላቃልለውም። የሲራራዬ ሰዎች ክንድና ቅልጥም ሲሰበር ስንት ጊዜ በእሱ እጅ ድኗል። ጣሊያኑንስ ለምን አምነዋለሁ? የዚያው መንግሥት አውሮፕላን ደሴ ላይ ቦምብ ሲያዘንብ የሸሸሁ ሰው ነኝ። ቃሬዛው ድንኳኑ በር ላይ ተዘርግቷል። የሐዋ ወንድሞች እጅጌያቸውን ሰብስበዋል። ሁሉም የእኔን ቃል ይጠብቃል። ብሳሳት ደግሞ ተመልሼ የምክሰው ነገር አልነበረም። በአንድ በኩል እግሬ፣ በሌላ በኩል እግሬ።

«ሀብቴ፣ ዶቶሬውን ጥራልኝ» አልኩ።

መጣ፤ ቃሬዛውን አየ፤ ነገሩ ገባው።

እዚህ ላይ ስለ በቅሎ ገበያ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። በእኛ አገር በቅሎ የሚሸጥ ሰው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት የእንስሳዋን ነውር ይናገራል። ትደነግጣለች፣ ወንዝ ትፈራለች፣ የግራ ኮቴዋ ታሟል፣ ያለውን ሁሉ። ደብቆ የሸጠ ሽማግሌ ፊት ይቆማል፣ በቅሎዋም ትመለስለታለች። በእርግጥ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይደብቃል። ሆኖም ሻጭን የምትለየው ነውሩን ሲናገር ነው።

«ሀብቴ፣ ነውሩን ይናገር በለው» አልኩ።

«የምን ነውር?»

«የሥራውን። የሚሸጥልኝን ነገር ነውር ይንገረኝ።»

ሀብቴ እንዴት እንደተረጎመው አላውቅም። ዶቶሬው አንድ ሣጥን ስቦ ተቀመጠ፣ መነጽሩን አወለቀ።

«በአገሬ ሥራዬ ይኸው ብቻ ነበር» አለ። «ከሰውነት ወደ ጭንቅላት፣ ከጭንቅላት ወደ ሰውነት መልእክት የሚያመላልስ ክር አለ፤ ነርቭ እንለዋለን። በውሻ እግር ውስጥ ያለውን እየቆረጥኩ፣ በሐር ክር ጫፍ ለጫፍ እየሰፋሁ፣ ምን እንደሚሆን ዓመታት ተመልክቻለሁ። የእግሩ ነርቭ ያድጋል። በአሮጌው ሽፋኑ ውስጥ በቀን የጤፍ ፍሬ ያህል በሚሆን አካሄድ እየሳበ ይደርሳል፤ ውሻውም ይሄዳል። በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው ወፍራሙ ገመድ ግን ከተቆረጠ አያድግም። ሰፍቼዋለሁ። ከእግር ነርቭ ቆርጬ ድልድይ ሠርቼለታለሁ። ክሮቹ ትንሽ መንገድ ይጀምራሉ፤ ጠባሳው ጋ ሲደርሱ ናዳ እንደገጠመው ሲራራ ይቆማሉ። የጀርባ ገመዳቸውን ከቆረጥኩባቸው ውሾች አንዱ እንኳ አልሄደም። አንዱ እንኳ።»

«ውሾቹ ምን በደሉት?» አለ ይመር። ሀብቴ ይህን አልተረጎመም።

«ታዲያ ምን ትሸጥልኛለህ?» አልኩት።

«መድኃኒት የለኝም። የአንተ ገመድ ተቀጥቅጦ የደነገጠ እንጂ የተቆረጠ አይመስለኝም። ከታች መርፌውን ስለለየህ አንድ ቀጭን መንገድ ክፍት ነው ብዬ አምናለሁ። ናዳው መንገዱን ዘግቶት ይሁን ወይስ አቧራ ብቻ ይሁን፣ አቧራው ሳይሰክን አይታይም። ልሳሳትም እችላለሁ። ግን ያ አጥንት ዛሬ ከተሳበ ክፍት የሆነውም ይዘጋል። ይህን አልሳሳትም።»

ሐዋ እኔን ታያለች፤ እኔ ወርቁን አየሁ። ወርቁ ፊቱን ወደ ሸራው አዙሯል። ስለ እሱ ገመድም እየሰማ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ገበያ ውስጥ ነኝ። ይህን ያህል ነውር ገዢ ፊት የዘረገፈ ሻጭ አይቼ አላውቅም። ሰውየው የቀማኛ መንግሥት ልብስ ለብሷል፣ አይካድም፤ ግን እያታለለኝ አልነበረም።

«ገዛሁ» አልኩ። «ሐዋ፣ ወንድሞችሽን ምሳ አብያቸውና ሸኚያቸው።»

ወላሂ ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ዶቶሬውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ነውሩን ሁሉ ተናግሮ ገዢ ያገኘ ሰው ዛሬ አየሁ» አለች። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ይመርን «ና፣ እንዴት እንደምታገላብጠው አሳየኝ» አለችው። ቃሬዛውን ወንድሞቿ ባዶውን ይዘው ተመለሱ።

አሁን ነውሩን ሰምቶ ገዛ፣ ወዲያውም ዳነ ትሉ ይሆናል። አልዳንኩም። የገዛሁት መጠበቅ ነበርና መጠበቁ መጣ። ጠዋት ጠዋት ዶቶሬው «አውራ ጣትህን አንቀሳቅስ» ይለኛል። እኔ በሙሉ ኃይሌ አዛለሁ፤ ግንባሬ ያልበዋል፤ ጣቴ አትሰማኝም። አንዳንዴ ሐዋ ድንኳኑ ጓሮ ሄዳ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ አየዋለሁ። እኔም ሌሎች ሲተኙ ቢስቲማን አስባለሁ። ቃሬዛው ላይ ብወጣ ኖሮ እላለሁ። ለአላህም እንደ ነጋዴ ነገርኩት፦ ያ ረቢ፣ ሁለቱን እግሬን ካልክ አልጠላም፣ አንዱንም ብትመልስልኝ አልከራከርም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ነው። ሐዋ ልብስ ልታጥብ ወርዳለች፣ ይመር በቅሎዎቹ ጋ ነው። ሙቀቱ አጣድፎኝ ዓይኔን ጨፍኛለሁ።

«ነጋዴው» አለ ወርቁ።

«ምንድነው?»

«ያቺን ዝንብ ምን አድርጋህ ነው የምታባርራት?»

«የቷን ዝንብ?»

«አውራ ጣትህ ላይ ያለችውን። ትቀመጣለች፣ ታባርራታለህ። ትቀመጣለች፣ ታባርራታለህ። እኔ እዚህ ቲያትር እያየሁ ነው።»

«ወርቁ፣ በዚህ አትቀልድብኝ።»

«በማርያም! በዚህ እቀልዳለሁ?»

ቀና ብዬ ማየት አልችልም። ጣሪያውን እያየሁ ልቤን ወደ እግሬ ላክሁት። «አሁን?» አልኩ። «አሁን የለም።» ደግሜ ላክሁት። «አሁን?» ወርቁ ዝም አለ። ዝምታው ረዘመብኝና «ወርቁ!» ብዬ ጮኽኩ። ዘወር ስል ወርቁ እያለቀሰ ነው። «ሄደች» አለኝ፤ «ዝንቧ ሄደች፣ ጣትህ ግን አልተወችም።»

ዶቶሬው ሳሙና ፊቱ ላይ እንዳለ፣ ግማሹን ተላጭቶ ግማሹን ሳይላጭ ሮጦ መጣ። «አንቀሳቅስ» አለ። አንቀሳቀስኩ። «ሌላውን» አለ። ሌላው እምቢ አለ። ዶቶሬው ግን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ይስቅ ጀመር። ሐዋ የተጨመቀ ጋቢ እንደያዘች ደርሳ እልልታዋን ስታቀልጠው፣ ዘበኞቹ ጠብ የተነሳ መስሏቸው ጠመንጃ ይዘው ገቡ። ድንኳኑን ሞልተው ቆመው ያዩት አንድ የጨው ነጋዴ አውራ ጣት ነው።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ዝግ ያለ ግን ደስ የሚል ነው። ጣት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት። ቀኙ ቀደመ፣ ግራው እየተግደረደረ ተከተለ። አጥንቱ ጠና ሲባል ዶቶሬው ሁለት አግዳሚ እንጨት አስተከለልኝና በመካከሉ ቆምኩ። ይመር ከፊቴ ወደ ኋላ እየሄደ «ቀኙን! ግራውን! ሾ! ሂድ የኔ ዳልቻ!» ይላል። ከመጀመሪያው ሕጉ በኋላ ሰውየው ትዕግሥት ተምሯል፤ ወድቄ ስቀመጥ «ተንፍስ፣ ማንም አላባረረህም» ይለኝ ነበር።

ወደ ደሴ የምመለስበት ቀን ሐዋ ሙክት ነድታ አመጣች። ዶቶሬው አልቀበልም አለ። ሀብቴ «አንድ ነገር ግን ይፈልጋል» አለኝ። «ከዚህ እስከ በሩ አንዴ ሂድልኝ ይላል። እኔ አልጠገንኩህም፤ ምን እንደጠገነህ ማወቅ ነው የምፈልገው፤ ስትሄድ ልይህ።»

ምርኩዜን ለይመር ሰጠሁና ጀመርኩ። ዶቶሬው አጎንብሶ እግሬን ብቻ ያያል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ የሚጸልይ ይመስላል። መንገዴ በወርቁ አልጋ በኩል ነው። እዚያ ስደርስ አፍሬ ፈጠን ልበል አልኩ።

«ምን ያስቸኩልሃል?» አለኝ ወርቁ። «ቀስ በል። ለሁለታችን ነው የምትሄደው።»

ቀስ አልኩ።

ወርቁ አልሄደም። ይህን ልደብቃችሁ አልችልም። ግን በቁስል አልሞተም፤ ይመር ዘመዶቹን እንዴት እንደሚያገላብጡት አስተምሮ ሸኘው። በኋላ ደሴ ቤተ ዘመድ ጋ ተቀምጦ ቆብ ይሰፋ ነበር፤ እኔ እሸጥለታለሁ። ለገዢ «ይህቺኛዋ ስፌቷ ጠማማ ነው» እያልኩ ስናገር ይሰማና ይሰድበኛል። ዶቶሬውን ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት። ከዚያ ወዲያ ወሬውን አልሰማሁም። ያ ናዳ የዘጋው የጀርባ ገመድ መንገድ እስከ ዛሬ እንዳልተጠረገ ከተማሩ ልጆች እሰማለሁ። የሚጠርገው ሰው አንድ ቀን ይመጣል፤ ሲመጣ ነውሩን የማይደብቅ እንዲሆን እለምናለሁ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ከእኔ ጥበብ አትጠብቁ፤ እኔ ያተረፍኩት አንድ ነገር ነው። ሰው ሲወድቅ እጃችን የሚቸኩለው ከፍቅር ነው። ይመር ወገቤን የያዘው ወንድሜ ስለሆነ ነው። አንሱኝ ያልኩትም እኔው ራሴ ነኝ። ከከፍታ የወደቀ ሰው ጀርባዬን ካለ፣ እግሬን አጣሁት ካለ፣ እሱም ቢለምናችሁ፣ እናቱም ብታለቅስ፣ አታንሱት። ጥላ ሁኑት፣ አንገቱን ያዙለት፣ አዋሩት። የሚያውቅ ሰውና ቀጥ ያለ ሳንቃ እስኪመጣ ይተኛ።

ባለፈው ዓመት ከሱቄ ፊት ለፊት አንድ ቆርቆሮ መቺ ከጣሪያ ወደቀ። ሰፈሩ ተሰብስቦ በብብቱ ሊገባ ሲል ሰው ገፍቼ ገባሁና «ማንም እንዳይነካው!» ብዬ ጮኽኩ። «ሽማግሌው አብዷል» አሉኝ። ስድባቸውን ጠጥቼ፣ ጭንቅላቱን በሁለት መዳፌ ይዤ፣ ሳንቃና ሐኪም እስኪመጣ በጠራራው ተቀመጥኩ። ሰውየው ያን ሁሉ ጊዜ እርግማን ሲያወርድብኝ ነበር።

ዛሬም አልተወኝም። ጠዋት ጠዋት መዶሻውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በሱቄ በር ሲያልፍ «አንቱ ሽማግሌ፣ ያን ቀን ፀሐይ ላይ ያስጠበሱኝ እርስዎ አይደሉ?» ይለኛል።

እኔ ነኝ እለዋለሁ። ይውቀሰኝ፤ የሚወቅሰኝ እየሄደ ነው።